ጥያቄና መልስ፦ የጡት ካንሰር ዓይነቶችና ምርመራቸው

የፓቶሎጂ ሐኪም (ናሙናን በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ሐኪም) እንደመሆኔ፣ የጡት ካንሰርን ምርመራ በሚመለከት የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ እናቴ በቀጭን መርፌ ተመርምራ «የካንሰር ሕዋስ ታይቷል» ተባለች። አሁን በወፍራም መርፌ ሌላ ናሙና መጠየቃቸው የፊተኛውን ስላላመኑት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ቀጭኑ መርፌ ፈጣንና ርካሽ ስለሆነ በአገራችን ብዙውን ጊዜ የሚቀድመው እርሱ ነው፤ ነገር ግን የሚያወጣው የተበታተኑ ሕዋሳትን በመሆኑ፣ ካንሰሩ በወተት ቱቦው ውስጥ ብቻ መወሰኑን ወይም የቱቦውን ግድግዳ ጥሶ መውጣቱን ለመለየት አያስችልም። ወፍራሙ መርፌ አሠራሩ ያልፈረሰ ቁራጭ ሥጋ ስለሚያወጣ ይህንን ያሳያል፤ ካንሰሩ በሆርሞን የሚያድግ መሆኑን ለሚያሳየው የሆርሞን ተቀባይ ምርመራም ይበቃል። በእኔ እምነት ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ይህ ናሙና ሊታለፍ አይገባም።

ጥያቄ፦ ዳክታልና ሎቡላር የሚባሉት የጡት ካንሰር ዓይነቶች በምን ይለያያሉ?

መልስ፦ ከወራሪ (ግድግዳውን ጥሶ ከወጣ) የጡት ካንሰር ከመቶ 70 እስከ 80 የሚሆነው ዳክታል የሚባለው ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ጠጣር እብጠት ሆኖ በእጅ ይዳሰሳል። ከመቶ ከ10 እስከ 15 የሚሆነው ሎቡላር ግን ጠባዩ ሌላ ነው፤ ሕዋሳቱን እርስ በርስ የሚያያይዘው ኢ-ካድሄሪን የተባለ ፕሮቲን በአብዛኛው ስለሚጠፋ፣ አንድ በአንድ ተሰልፈው እብጠት ሳይሠሩ በሥጋው መካከል ይሰራጫሉ። በዚህም ምክንያት ሴቲቱ የሚሰማት የጡቷ መወፈር ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ማሞግራምም (የጡት ራጅ) ሊያመልጠው ይችላል፣ በቀዶ ሕክምና ጊዜም በምስሉ ከታየው ሰፍቶ የሚገኝበት አጋጣሚ አለ። ሲዛመትም ከአጥንትና ከጉበት ሌላ ወደ ጨጓራ፣ ወደ አንጀትና ወደ እንቁልጢ (የሴት እንቁላል ማፍሪያ) ሊሄድ ስለሚችል፣ የቀድሞውን ሕመም ያልሰማ ሐኪም የጨጓራ ካንሰር ነው ብሎ ሊሳሳት ይችላል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 27 ነው። ለእብጠቴ ማሞግራም ያልታዘዘልኝ ለምንድን ነው?

መልስ፦ በወጣትነት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በማሞግራም በደንብ አይታይም፤ ከ30 ዓመት በታች አልትራሳውንድ ይቀድማል። በዚህ ዕድሜ አብዛኛው እብጠት ካንሰር አይደለም። ሆኖም በእጅ የተዳሰሰው፣ በምስል የታየውና የናሙናው ውጤት ካልተስማሙ ጉዳዩ አልተቋጨምና ናሙናው እንዲደገም ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ወረቀቱ ላይ «ግሬድ 3» ይላል። ሦስተኛ ደረጃ ደርሶብኛል ማለት ነው?

መልስ፦ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ግሬድ የሕዋሳቱን ጠባይ ይናገራል፤ ቱቦ የመሥራት ችሎታቸው፣ የኒውክለሳቸው (የሕዋሱ እምብርት) መዛባትና የመከፋፈል ፍጥነታቸው እያንዳንዱ ከ1 እስከ 3 ነጥብ ተሰጥቶት ይደመራል፣ ድምሩ 8 ወይም 9 ከሆነ ግሬድ 3 ይባላል። ስቴጅ (ደረጃ) የሚባለው የእብጠቱን መጠን፣ የብብት ንፍፊቶችን መያዝና የካንሰሩን መዛመት የሚመለከት ነው። ስለዚህ ትንሽ፣ ያልተዛመተ ካንሰር ግሬድ 3 ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የሄር-2 ውጤቴ «2+» ነው። አለብኝ ወይስ የለብኝም?

መልስ፦ ገና አልታወቀም። ሄር-2 በካንሰሩ ሕዋስ ላይ ሲበዛ እድገቱን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። 0 እና 1+ አሉታዊ፣ 3+ አዎንታዊ ሲሆኑ፣ 2+ ፊሽ በሚባል የጂን ምርመራ መረጋገጥ አለበት። በዚህ አጋጣሚ ናሙና ለሚያደርሱ ቤተሰቦች አንድ ነገር ላሳስብ፦ ሥጋው በተወሰደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን (ሥጋው እንዳይበላሽ የሚጠብቅ ፈሳሽ) ውስጥ መግባት አለበት፣ ፎርማሊኑም የሥጋውን አሥር እጥፍ ያህል ሊሆን ይገባል። አፈ ጠባብ ብልቃጥ ውስጥ ተጨምቆ የቆየ ናሙና እየተበላሸ ስለሚሄድ፣ ያለው ሆርሞን ተቀባይ እንደሌለ ሆኖ ሊነበብና ሴቲቱ የሚጠቅማትን የሆርሞን ሕክምና ሊያስቀርባት ይችላል።

ጥያቄ፦ ወንድን ይይዛል?

መልስ፦ ይይዛል፤ ከጠቅላላው ከመቶ አንድ ያህሉ ወንዶች ናቸው።

ጥያቄ፦ የእህቴ ጡት ቀልቷል፣ አብጧል፤ እብጠቱ ግን ተለይቶ አይዳሰስም። የጡት ቁስለት ነው ተብላ አንቲባዮቲክ ወስዳ አልተሻላትም።

መልስ፦ የምታጠባ ከሆነች ምናልባት መግል ቋጥሮ ይሆናልና አልትራሳውንድ ይሠራላት። በአንድ ዙር መድኃኒት ካልዳነና በተለይም ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጎድጎድ ጎድጎድ ካለ፣ ኢንፍላማቶሪ የሚባለው ፈጣን የጡት ካንሰር ሊሆን ስለሚችል፣ ሌላ አንቲባዮቲክ ከመለወጥ ይልቅ ከቆዳውም ከጡቱም ናሙና እንዲወሰድላት በዚህ ሳምንት ቀዶ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት።