ኖርዝ ሜልበርን በተከታታይ 20 ጨዋታ የተሸነፈበት ሲዝን፦ ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ? በተለይ ሜልበርን ያላችሁና ልጆቻችሁ ፉቲ (የአውስትራሊያው እግር ኳስ) የጀመሩባችሁ ስለ ኖርዝ ሜልበርን ክለብ እየደጋገማችሁ ስለጠየቃችሁኝ ዛሬ ተራ በተራ ልመልስ። ነገሩን ለማያውቅ፣ ኖርዝ በ2023 የመጀመሪያ ሁለት ጨዋታውን አሸነፈ፣ ከዛ 20 ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ፣ የመጨረሻዋን ደግሞ አሸነፈ። 23 ጨዋታ፣ 3 ድል፣ 20 ሽንፈት ማለት ነው። እኔ ይሄን ክለብ ከልቤ ነው የምወደው፣ ስለዛ ሲዝን ሲወራ የምሰማው ነገር ግን ብዙ ጊዜ ልክ ስላልሆነ ያናድደኛል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ነው።

ጥያቄ፦ እስቲ መጀመሪያ ጨዋታውን አስረዳኝ ወንድሜ። አንዴ በእጅ አንዴ በእግር፣ ውጤቱም 100 ምናምን ይላል፣ ምንም አልገባኝም።

መልስ፦ ባጭሩ፣ ሜዳው ሞላላ ነው፣ 18 ለ18 ይጫወታሉ፣ በሁለቱም ጫፍ አራት አራት ምሰሶ ቆሟል። ኳሱ ተመትቶ በመሀለኞቹ ሁለት ምሰሶዎች መሀል ካለፈ 6 ነጥብ (ጎል የሚባለው ይሄ ነው)፣ በዳርና በዳር ባሉት በኩል ካለፈ 1 ነጥብ። በእጅ መወርወር ክልክል ነው፣ በአንድ እጅህ ይዘህ በሌላው በቡጢ መትተህ ታቀብላለህ፣ ወይ በእግር። በእግር ተመትቶ 15 ሜትርና ከዛ በላይ የመጣን ኳስ አየር ላይ ከቀለብክ ማርክ ይባላል፣ ማንም ሳይነካህ ተረጋግተህ ትመታለህ። ኦፍሳይድ የለም። አራት ሩብ ነው፣ እያንዳንዱ 20 ደቂቃ ቢባልም ሰዓቱ ስለሚቆም ወደ 30 ይጠጋል። ለማሸነፍ 4 ነጥብ ነው በሠንጠረዡ ላይ የሚሰጠው።

ጥያቄ፦ እና ፕሮፌሽናል ሆነው እንዴት 20 ጊዜ በተከታታይ ይሸነፋሉ? አይለማመዱም እንዴ?

መልስ፦ ይለማመዳሉ፣ እንደውም ከማንም በላይ። ችግሩ የ2023 አይደለም፣ ከዛ በፊት ነው የተፈጠረው። በ2020 መጨረሻ ላይ ክለቡ ከ10 በላይ ተጫዋች በአንዴ አሰናበተ፣ እንደ አዲስ እንገንባ ብለው። 2021 ላይ 4 ድል፣ የመጨረሻ። 2022 ላይ 2 ድል፣ አሁንም የመጨረሻ፣ የዛን ጊዜው አሰልጣኝም ሲዝኑ ሳያልቅ ሄደ። በድራፍት (ክለቦች አዲስ ወጣቶችን ተራ በተራ የሚመርጡበት) አንደኛ ሆኖ የመጣው ጄሰን ሆርን ፍራንሲስም አንድ ዓመት ብቻ ተጫውቶ ወደ ፖርት አደሌድ መሄድ እፈልጋለሁ ብሎ ሄደ። ስለዚ 2023 ሲገባ ቡድኑ ውስጥ በዛ ያሉት ገና ጺማቸው ያልወጣ ልጆችና ሊያቆሙ የደረሱ አንጋፋዎች ናቸው፣ መሀሉ ባዶ ነው። በዚህ ጨዋታ ደግሞ ዋናው ዕድሜ ከ24 እስከ 28 ያለው ነው፣ ምክንያቱም አማካዮቹ በአንድ ጨዋታ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣሉ፣ እየሮጡ ደግሞ ይጋጫሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይነሳሉ፣ የ19 ዓመት ልጅ ሶስተኛው ሩብ ላይ እግሩ ያልቅበታል።

ሌላ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በእኛ እግር ኳስ ጎል ሲገባብህ ኳሱ ላንተ ነው የሚሰጠው አይደል? ፉቲ ላይ እንደዛ አይደለም። 6 ነጥብ በገባ ቁጥር ኳሱ ወደ መሀል ይመለስና ዳኛው ወደ ላይ ወርውሮ (እስከ 2025 መሬት ላይ ማንጠርም ነበር) እንደገና ሁለቱም ይፋለሙበታል። መሀል ሜዳው ላይ የበላይ የሆነ ቡድን ኳሱን ሳይለቅ አራት አምስት ጎል በተከታታይ ሊያገባብህ ይችላል፣ አስር ደቂቃ ውስጥ 30 ነጥብ ትመራለህ ወይ ይመሩሃል። የኖርዝ ሽንፈት ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ነበር የሚመጣው፣ ግማሽ ሰዓት ተፎካክረው ተፎካክረው አስር ደቂቃ ላይ ይፈርሳል። ተከላካዮቹን «አይረቡም» የሚል ሰው ያን አስር ደቂቃ ቁጭ ብሎ ቢያይ ጥሩ ነበር፣ ኳሱ ማቆሚያ የሌለው ጎርፍ ሆኖ ነው የሚመጣባቸው።

ጥያቄ፦ አሰልጣኙ ክላርክሰን አራት ዋንጫ ያለው ሰውዬ አይደለም እንዴ? የት ሄደ ልምዱ?

መልስ፦ አላስቴር ክላርክሰን አዎ፣ ከሆውቶርን ጋር 2008፣ 2013፣ 2014 እና 2015 ዋንጫ በልቷል። በ2023 ኖርዝን ይዞ የመጀመሪያውን ጨዋታ ዌስት ኮስትን በ5 ነጥብ፣ ሁለተኛውን ፍሪማንትልን በ1 ነጥብ ሲያሸንፍ ሁላችንም መጣልን አልን። ሶስተኛው ከራሱ ከቀድሞ ክለቡ ከሆውቶርን ጋር ነበር፣ ተሸነፉ፣ የ20ው መጀመሪያ እሱ ነው። ሜይ ላይ ደግሞ ሰውየው ራሱ ለጤናዬ እረፍት ያስፈልገኛል ብሎ ወጣ፣ በቀድሞ ክለቡ ዘመን ላይ የተከፈተው ምርመራ ጫና ከብዶት ነበር። ብሬት ራተን ተክቶት ያዘ፣ ክላርክሰን ኦገስት ላይ ተመለሰ። ስለዚ ግማሽ ያህሉን ሲዝን ዋናው አሰልጣኝ አልነበረም። እሱ ቢኖር 10 ያሸንፉ ነበር ለማለት አይደለም፣ ግን ገና 19 ዓመት የሆነው ልጅ በየሳምንቱ ማን እንደሚያናግረው ካላወቀ ይከብዳል።

ጥያቄ፦ በጣም ያናደደህ ሽንፈት የቱ ነው?

መልስ፦ ከሲድኒ ስዋንስ ጋር የነበረው፣ ክላርክሰን በወጣ በዛው ሳምንት። በፉቲ ተጫዋች እየገባ እየወጣ ይቀያየራል፣ ግን ለአንድ ጨዋታ 75 ቅያሪ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ኖርዝ መጨረሻው ሩብ ላይ፣ ጨዋታው አንገት ለአንገት ተያይዞ ባለበት፣ 76ኛውን ቀየረ። ቅጣቱ ምንድነው? ኳሱ ለተቃራኒ ቡድን ይሰጣል፣ ከዛ 50 ሜትር ወደፊት ይሄዳል። በቃ ጎሉ ፊት ቆመው መቱት፣ 6 ነጥብ። ሽንፈቱ በስንት ነው? በ3 ነጥብ! ልጆቹ ሜዳ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ የለፉበትን ነገር የወንበር ላይ ቆጠራ ነው የወሰደባቸው። እስካሁን ሳስበው ያመኛል። ሌሎቹን ሽንፈቶች በዕድሜ ላሳብባቸው እችላለሁ፣ ይሄኛውን ግን አልችልም፣ መቁጠር የአዋቂዎቹ ሥራ ነበር።

ጥያቄ፦ እንዲህ እየተሸነፉ ለምን አይወርዱም?

መልስ፦ መውረድ የሚባል የለም። 18 ክለብ ነው፣ 18ቱም በየዓመቱ እዛው ናቸው። እንደውም በተቃራኒው፣ መጨረሻ የወጣ ቡድን በድራፍት የዓመቱን ምርጥ ወጣት ቀድሞ ይመርጣል፣ ደሞዝም ለሁሉም ጣሪያ አለው፣ ሀብታም ክለብ እንዳይቆጣጠረው። ሊጉ ራሱ ኖርዝን ለመደገፍ ተጨማሪ ምርጫ ሰጥቶታል።

ጥያቄ፦ ታድያ የመጨረሻዋን ጨዋታ ማሸነፍ ሞኝነት አልነበረም? ሃርሊ ሪድን አጡ እኮ።

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ነበር የምጠብቀው። ላላወቁ፣ ከመጨረሻው ሳምንት በፊት ዌስት ኮስት 3 ድል፣ ኖርዝ 2 ድል ነበራቸው። ኖርዝ ቢሸነፍ የመጨረሻ ሆኖ አንደኛውን ምርጫ ያገኛል፣ የዛን ዓመት ደግሞ አገር ምድሩ የሚያወራው ሃርሊ ሪድ ስለሚባል ወጣት ነበር። ኖርዝ ሆባርት ላይ ጎልድ ኮስትን አሸነፈ፣ ዌስት ኮስት ተሸነፈ፣ ሁለቱም 3 ድል ሆኑ፣ ባስቆጠሩትና በተቆጠረባቸው ነጥብ ስሌት ዌስት ኮስት ስለሚያንስ እሱ የመጨረሻ ሆነና ሪድን ወሰደ።

እና ሞኝነት ነበር ወይ? በጭራሽ! አምስት ወር ሙሉ ተሸንፎ መልበሻ ክፍል የገባን ልጅ «ዛሬ ደግሞ ብትሸነፍ ይሻላል» ልትለው ነው? እንደዛ የተባለ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ለምን ብሎ ራሱን ጥሎ ኳስ ያድናል? ጃክ ዚቤልና ቤን ካኒንግተን የሚባሉ ለዓመታት ያገለገሉ ሰዎች በዛ ሲዝን ነው ያበቁት፣ ለነሱስ ምን ልትል ነው? ኒክ ላርኪ በዛች ቀን ብቻውን 9 ጎል አገባ፣ ዘጠኝ! ደጋፊ ስንት ወር ያጣውን ነገር ነው በአንድ ቀን ያየው። ከዛም በላይ ክለቡ ባዶ እጁን አልቀረም፣ 2ኛውን ምርጫ ያዘ፣ ተከላካዩ ቤን ማኬይ ወደ ኤሰንደን ሲሄድ ደግሞ ሊጉ በካሳ 3ኛውን ሰጠው፣ ኮልቢ መከርቸርንና ዜን ዱርስማን ወሰደ። ሆን ብሎ መሸነፍን እንደ ብልሃት የሚያወራ ሰው ጋር እኔ አልስማማም፣ ወደፊትም አልስማማም።

ጥያቄ፦ በዛ ሁሉ ሽንፈት መሀል ጥሩ የነበረ ተጫዋች አለ?

መልስ፦ አለ እንጂ። ሃሪ ሺዝል የመጀመሪያ ጨዋታው ላይ 34 ጊዜ ኳስ አቀበለ፣ በዛው ዓመት የሊጉን የወጣቶች ሽልማት ራይዚንግ ስታርንም የክለቡን ምርጥ ተጫዋች ሽልማትም ወሰደ፣ ገና በመጀመሪያ ዓመቱ። ላርኪ ደግሞ 71 ጎል አገባ። ኳስ በማይደርስበት ቡድን ውስጥ አጥቂ ሆኖ 71! የዓመቱ ኮከብ ቡድን ውስጥም ገባ።

ጥያቄ፦ ክለቡ ሊዘጋ ይችላል?

መልስ፦ አይመስለኝም። በ2007 ሊጉ ወደ ጎልድ ኮስት ሂዱ ብሎ ገንዘብ አቅርቦላቸው እምቢ ያሉ ናቸው። ሳውዝ ሜልበርን በ1982 ወደ ሲድኒ ሄዷል፣ ፊትዝሮይ በ1996 ከብሪዝበን ጋር ተቀላቅሏል፣ ስለዚ ፍርሃቱ መሠረት አለው። ግን ከ1869 ጀምሮ ያለ ክለብ ነው፣ 4 ዋንጫም አለው፣ የመጨረሻው 1999።

ጥያቄ፦ እኛን ምን ያገባናል? ሀበሻ እንኳን የለበትም።

መልስ፦ ያገባናል ወንድሜ። የክለቡ ሜዳ አርደን ስትሪት ያለው ኖርዝ ሜልበርን ውስጥ ነው፣ በዛ አካባቢና ፍሌሚንግተን ባሉት የመንግሥት ፎቆች ስንት ኢትዮጵያዊ፣ ኤርትራዊና ሶማሌ ቤተሰብ እንዳለ ታውቃለህ። ክለቡ እዛው ግቢ ከ2010 ጀምሮ «ዘ ሀድል» የሚባል ፕሮግራም አለው፣ ከስደተኛ ቤተሰብ የመጡ ልጆችን በጥናት፣ በስፖርትና በሥራ ፍለጋ ያግዛል። በሊጉ የመጀመሪያው ሱዳን ተወላጅ ማጃክ ዳው ኖርዝ ነው የተጫወተው። በሆውቶርን ስሙን ያስጠራው ቻንግኩዎት ጂያት ደግሞ ወላጆቹ ደቡብ ሱዳናውያን ሆነው እሱ የተወለደው ኢትዮጵያ ነው። ቡድኑ ሲሸነፍ ሀድል አልተዘጋም፣ ለኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ከዛስ በኋላ ተሻሻሉ?

መልስ፦ ቀስ እያለ ነው። 2024 አሁንም 3 ድል፣ 17ኛ። በዛ ዓመት ኮሊንግዉድን በ54 ነጥብ እየመሩ በ1 ነጥብ ተሸነፉ፣ ያው መሀል ሜዳውን ሲያጡ ምን እንደሚመጣ ከላይ ያልኩትን ያሳያል። 2025 ላይ 5 አሸንፈው 1 አቻ ወጡ፣ 16ኛ። ከጠበቅኩት ይዘገያል፣ ዋሽቼ አልልም፣ ግን እነ ሺዝል አሁን ወደ 22 እየሄዱ ነው፣ ያ የጎደለው ዕድሜ እየሞላ ነው።

ጥያቄ፦ የ8 ዓመት ልጄ የኖርዝ ማልያ ግዢልኝ ብሎ ፈጀኝ። ሁልጊዜ ሲሸነፉ እያየ ልቡ አይሰበርም?

መልስ፦ እህቴ ግዢለት። ልጆች ከኛ ይሻላሉ፣ ውጤቱን በመንገድ ይረሱታል፣ ላርኪ ያገባውን ነው የሚያስታውሱት። ኖርዝ የሚጫወትበት ማርቭል ስታዲየም ከሳውዘርን ክሮስ ባቡር ጣቢያ በድልድዩ ተሻግረሽ ነው፣ መኪና ይዘሽ እንዳትቸገሪ። መጀመሪያ ቀን ከጎሉ ጀርባ አስቀምጪው፣ ኳሱ እዛ ነው የሚመጣው። ጣሪያው ክፍት ከሆነ ስለሚበርድ ጃኬት አይቅር። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ቤተሰብ ሜዳ ገብቶ ኳስ የሚመታባቸው ቀኖች አሉ፣ ከመሄድሽ በፊት የክለቡ ገጽ ላይ እይና ቀኑ ከሆነ የራሱን ኳስ ይዞ ይምጣ።