ከአንቲባዮቲኩ በፊት የሚገባው ጠብታ

ጥያቄ፦ ውሻዬ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጣና ዳር ስለምንኖር ከውኃ አይወጣም። ከወር በፊት ግራ ጆሮው መከርፋት ጀመረ። ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ቀባሁት፤ አሞክሲሲሊንም ከምግብ ጋር ሰጠሁት። ጎረቤቴ «አቼቶ ጨምርበት» ቢለኝ እሱንም ሞከርኩ። አሁን አረንጓዴ የመሰለ መግል ይወርደዋል፤ ሲነኩት ይጮኻል። አንድ ወዳጄ ክሊኒክ ማጠቢያና አንቲባዮቲክ አብረው እንደሚያዙ ነገረኝ። ሁለት መድኃኒት አይበዛበትም? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ቅደም ተከተሉ ከተጠበቀ አይበዛበትም። አረንጓዴ መግል፣ ሽታና ሕመም አንድ ላይ ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሱዶሞናስ የተባለው ባክቴሪያ ነው። እሱን አሞክሲሲሊን አይበግረውም፤ ቴትራሳይክሊንም እንደዚያው። በዚያ ላይ የውሻ ጆሮ ቱቦ ወደ ታች ወርዶ ወደ ውስጥ ስለሚታጠፍ ቅባቱ ከመታጠፊያው በላይ ተለጥፎ መግሉን ያፍነዋል።

የሱዶሞናስን ውጫዊ ሽፋን አጥብቀው የያዙት ካልሲየምና ማግኒዚየም ናቸው። ትሪስ-ኢዲቲኤ የተባለው ማጠቢያ እነሱን መንጥቆ ሽፋኑን ያሳሳዋል፤ አንቲባዮቲኩ ሰርጎ የሚገባው ያኔ ነው። ማጠቢያው ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 8 ገደማ ነው፣ ማለትም አሲዳማ አይደለም፤ ይህም ለጄንታማይሲን፣ ለዚህ ባክቴሪያ ለሚታዘዘው አንቲባዮቲክ፣ ይስማማዋል። አቼቶ ግን ጆሮውን አሲዳማ አድርጎ ጄንታማይሲኑን ያዳክመዋል። (ጎረቤትዎ ከመሬት ተነስተው አልተናገሩም፤ የሳሳ አቼቶ ሱዶሞናስን ይገድላል። የቆሰለ ጆሮን ግን ይለበልባል።)

ከሁሉ በፊት ግን የእንስሳት ሐኪም ከመግሉ ስላይድ (ስስ የመመርመሪያ መስታወት) ላይ ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ይይ፤ ታምቡሩንም ይመልከት። ታምቡሩ ከተቀደደ ጄንታማይሲን የውስጥ ጆሮን ጎድቶ ሊያደነቁር ይችላል። ቱቦው አብጦ ከተዘጋም ጠብታ ስለማይገባ መጀመሪያ ለጥቂት ቀናት እብጠት የሚቀንሰው ፕሬድኒሶሎን ይታዘዛል።

ቤት ሲመለሱ፣ ሕመሙ ሊያስነክሰው ስለሚችል አፉን በፋሻ ይሰሩ። የማጠቢያውን ጠርሙስ በመዳፍዎ ይዘው ለብ ያድርጉት፤ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ጆሮ ውስጥ ሲገባ ያዞራል። ጆሮውን ወደ ላይ ሳብ አድርገው ቱቦው እስኪሞላ ያፍስሱ። ከጆሮው ሥር ጠንከር ብሎ የሚዳሰሰውን ቱቦ ለ30 ሰከንድ ያህል ያሹት፤ ጭልቅ ጭልቅ የሚል ድምፅ ከሰሙ ፈሳሹ ወርዷል። ይልቀቁትና ራሱን ያራግፍ። የወጣውን በጥጥ ይጥረጉ፤ ጫፉ ጥጥ የሆነውን እንጨት ግን አያስገቡ፣ መግሉን ወደ ታምቡሩ ይገፋዋል። መግል የጄንታማይሲንን ኃይል ስለሚሰብር የሚወጣው ነገር ጠራ እስኪል ማጠቡን ይድገሙ። ከዚያ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቀው ሐኪሙ ያዘዘውን አንቲባዮቲክ መርፌው በተነቀለ ስሪንጅ ይጨምሩ። ለመካከለኛ ውሻ ግማሽ ሲሲ ያህል፣ ለትልቅ እስከ 1 ሲሲ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሁለት ጠብታ ጣል አድርጎ ይተወዋል፤ ያ መታጠፊያው ጋ እንኳ አይደርስም።

ማጠቢያው ከጠፋ በ1 ሊትር የፈላ ውኃ 9 ግራም ጨው (አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ያህል) ሟሙቶ፣ ለብ ሲል መግሉን ያጥባል። የባክቴሪያውን ሽፋን ግን አያሳሳም።

ጥያቄ፦ በአራተኛው ቀን ሽታው ጠፋ። መድኃኒቱን ላቁም? (ከዘጌ)

መልስ፦ አያቁሙ። ሽታው ቀድሞ ይጠፋል፤ ባክቴሪያው ግን መታጠፊያው ውስጥ ዝልግልግ ሽፋን ሠርቶ ይደበቃል፤ ሲመለስም መድኃኒቱን ተላምዶ ሊመለስ ይችላል። በቀን 2 ጊዜ፣ ቢያንስ 14 ቀን ይስጡት፤ ማቆሚያውን የሚወስነው ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ የሚያየው ሁለተኛው ስላይድ ነው። መሐል ላይ ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን ካዘመመ ወይም ከተንገዳገደ ግን ጠብታውን አቁመው በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይውሰዱት። እስከዚያው ሐይቁ ይቅርበት።