ስለ ኮምቢናቶሪያል ኬሚስትሪ ጠየቃችሁኝ፣ እነሆ መልሴ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ሞለኪውል መሥራትና ማጣራት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ፤ ግማሹን ፔፕታይድ (አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት) እየሠራሁ፣ ግማሹን ደግሞ የሠራሁት ለምን እንደማይሠራ እየፈለግሁ አሳለፍኩት። ስለ ኮምቢናቶሪያል ኬሚስትሪ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ካሰብኩት በላይ መጣ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። «ዶክተር» እያላችሁ ለጻፋችሁልኝ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ፤ እኔ ግን ማስተርስ ላይ ነው ያቆምኩት።

ጥ፦ እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከኬሚስትሪ ጋር የተለያየነው አሥረኛ ክፍል ላይ ነው። ነገሩ ምንድን ነው?

መ፦ እንዲያውም ለእርስዎ ይቀላል፤ መነሻው ቁጥር ነውና። ስማችንን ያስቡት፦ የራስ፣ የአባት፣ የአያት። በእጃችን ሃያ ስሞች ብቻ ቢኖሩና በሦስቱም ቦታ እየቀያየርን ብናስገባቸው 20 × 20 × 20፣ ማለትም 8,000 ሙሉ ስም ይወጣል። እስከ አምስት ትውልድ ብንቆጥር 3.2 ሚሊዮን ይደርሳል። በስሞቹ ፋንታ ፕሮቲን የሚገነባባቸውን ሃያዎቹን አሚኖ አሲዶች ያስገቡ፤ ያን ጊዜ ሙሉ ስሙ ፔፕታይድ ይባላል። ድሮ ኬሚስቱ አንዱን ሠርቶ፣ አጥርቶ፣ ፈትሾ ነበር ወደ ቀጣዩ የሚሄደው። በዚህኛው መንገድ ግን ከጥቂት ጡቦች ሊገጣጠም የሚችለውን ሁሉ ባንድነት ይሠሩና የሚፈልጉትን ከመሀል ይለቅማሉ። ጡቦቹም የግድ አሚኖ አሲድ መሆን የለባቸውም።

ጥ፦ ጋሼ፣ የሁለተኛ ዓመት ኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። 3.2 ሚሊዮን ሞለኪውል እንዴት ነው የሚሠራው? ስንት ሰው፣ ስንት ዓመት ይፈጃል?

መ፦ ይህን ጥያቄ ስለወደድኩት ትንሽ ላርዝም።

መጀመሪያ ሜሪፊልድ የሚባል አሜሪካዊ አለልህ። በ1963 ያሳተመው ሐሳብ ቀላል ይመስላል፦ ሞለኪውሉን ፈሳሽ ውስጥ እንደተንሳፈፈ ከመሥራት ይልቅ አንድ ጫፉን በፖሊስታይሪን ዶቃ ላይ አስረህ ሥራው። ዶቃዋ አሸዋ ታክላለች። እያንዳንዱን አሚኖ አሲድ ከሚያስፈልገው በላይ ትጨምራለህ፤ ያልተያያዘውን በማጣሪያ አጥበህ ትጥለዋለህ፤ የሠራኸው ዶቃው ላይ ይቀራል። ድሮ ከእያንዳንዱ እርምጃ በኋላ ውህዱን ለይቶ ማጥራት ቀናት ይፈጅ ነበር። ለዚህ ሥራው በ1984 ኖቤል ተሸለመ።

ቀጥሎ የቡዳፔስቱ አርፓድ ፉርካ ይመጣል። ሐሳቡን በ1982 ጽፎ ውልና ማስረጃ ዘንድ አጸደቀው፤ ዓለም በደንብ የሰማው ግን ወደ አሥርቱ መጨረሻ ነው። ዘዴው ይህ ነው፦ ዶቃዎቹን ሃያ ብልቃጥ ላይ እኩል አካፍል። በየብልቃጡ አንድ አንድ ዓይነት አሚኖ አሲድ አያይዝ። እጠብ። ሁሉንም መልሰህ አንድ ዕቃ ውስጥ ቀላቅል፣ በደንብ አማስል። እንደገና ሃያ ቦታ አካፍል። አምስት ዙር ስትጨርስ የሠራኸው ሪአክሽን 20 × 5፣ መቶ ብቻ ነው። እጅህ ላይ ያለው ግን 3.2 ሚሊዮን ዓይነት ነው። ለአንድ ሰው የጥቂት ሳምንታት ሥራ ነው።

ዋናው ውበቱ ግን ሌላ ነው። አንዲት ዶቃ በአንድ ዙር የምትገባው አንድ ብልቃጥ ብቻ ስለሆነ፣ መጨረሻ ላይ የምትሸከመው አንድ ዓይነት ሞለኪውል ብቻ ነው። ድብልቅ የሚመስለው ዕቃ ውስጥ እያንዳንዷ ዶቃ ንጹሕ ናት። በተግባር የዶቃው ቁጥር ከዓይነቱ ቁጥር በብዙ እጥፍ መብለጥ አለበት፤ አለዚያ አንዳንዱ ዓይነት በዕድል ብቻ ሳይሠራ ይቀራል።

የሚያስቸግረው የትኛው ነው ካልከኝ፣ ሪአክሽኑ ማለቁን ማወቅ ነው። ጥቂት ዶቃ በትንሽ የመስታወት ቱቦ ታደርጋለህ፣ ኒንሃይድሪን የሚባል ኬሚካል ትጨምርና ለጥቂት ደቂቃ ታሞቀዋለህ። ዶቃዎቹ ቀለም ሳይዙ ከቀሩ ተያይዟል። ሰማያዊ ከሆኑ ገና ነው፣ ተመልሰህ ድገመው። «ትንሽ ሰማያዊ ናት፣ ችግር የለውም» ብሎ የሚያልፍ ሰው በኋላ ይከፍላል፦ በየዙሩ 95 በመቶ ከተያያዘ፣ ከአሥር ዙር በኋላ ትክክለኛው 60 በመቶ ብቻ ነው። 99 ከሆነ ግን 90 ገደማ ይደርሳል።

ጥ፦ በሻይ ከረጢት ይሠራል የሚባለውስ እውነት ነው ወይስ ቀልድ?

መ፦ እውነት ነው። ሪቻርድ ሃውተን በ1985 ዶቃዎቹን ቀዳዳ ባለው የፕላስቲክ ከረጢት አሽጎ፣ ተመሳሳይ አሚኖ አሲድ የሚፈልጉትን ከረጢቶች አንድ ዕቃ ውስጥ እየነከረ 248 ፔፕታይድ ከአራት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ሠራ። እያንዳንዱ 13 አሚኖ አሲድ ርዝመት ነበረው። ከረጢቱ ላይ ቁጥር ስላለ የትኛው ምን እንደሆነ ይታወቃል። እኔም ተማሪ ሳለሁ ሠርቼበታለሁ፤ ሲታጠብ ልክ እንደ ሻይ ነው የሚመስለው።

ጥ፦ ሚሊዮን ውስጥ አንዱ ሠራ እንበል። ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?

መ፦ የሙያው ግማሽ ይህ ነው። መሥራትማ ማንም ይሠራል።

አንደኛው መንገድ ኪት ላምና ባልደረቦቹ በ1991 ያሳዩት ነው። ሞለኪውሎቹን ከዶቃዎቹ ሳታላቅቅ፣ የምትፈልገውን ፕሮቲን ቀለም ከሚያወጣ ኢንዛይም ጋር አያይዘህ ታፈስበታለህ። ፕሮቲኑ የተጣበቀባት ዶቃ ቀለም ትይዛለች። በማይክሮስኮፕ ስታይ መቶ ሺህ ነጭ ዶቃ መሀል አንዲት ፌሮዛ ዶቃ ቁጭ ብላ ታያለህ። ያቺን አንስተህ ላይዋ ያለውን ታነባለህ።

ሁለተኛው ዛሬ ትልልቆቹ ኩባንያዎች የሚጠቀሙበት ነው። ብሬነርና ለርነር የተባሉ ሳይንቲስቶች በ1992 ያቀረቡት ሐሳብ እንዲህ ነው፦ በየዙሩ ጡብ በጨመርክ ቁጥር ለዚያ ጡብ ምልክት የሚሆን አጭር ዲኤንኤ አብረህ ጨምር። መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ ሞለኪውል የትውልድ ሐረጉን እንደ ክታብ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞራል። በዚህ መንገድ ቢሊዮኖች ባንዲት ትንሽ ቱቦ ይገባሉ። ፕሮቲኑን ትነክርበታለህ፣ ያልያዘውን ታጥባለህ፣ የቀረውን ክታብ አባዝተህ ታነባለህ። ጉዳቱ ዲኤንኤውን የሚያበላሽ ሪአክሽን መጠቀም አለመቻልህ ነው። ጠንካራ አሲድ ወይም ከፍተኛ ሙቀት አይታሰብም።

ጥ፦ ስክሪኒንግ ሲባል ሮቦቶቹ ራሳቸው ይሠሩታል አይደል? ሰው ምን ያደርጋል?

መ፦ ሮቦቱ ይቀዳል፣ ሰው ይጠራጠራል።

ስክሪኒንግ ማለት ብዙ ውህዶችን ፈትሾ የሚሠራውን መለየት ነው። የምንፈትሽበትን ሳህን የእንቁላል ትሪ በሉት፤ 96፣ 384 ወይም 1,536 ጉድጓድ አለው። በየጉድጓዱ ኢንዛይም፣ አንድ ውህድ፣ ብርሃን የሚሰጥ ነገር ይገባል። ብርሃኑ ከቀነሰ ውህዱ ኢንዛይሙን አግዶታል ትላለህ።

ከራሴ የደረሰውን ላጫውታችሁ። በመጀመሪያው ዓመቴ ባለ 384 ሳህን ላይ ስንሠራ ግሩም ውጤት አገኘን፤ ብዙ ሂት (በፈተናው ሠራ የተባለ ውህድ)፣ ጠንካራ ሂት። ዓርብ ማታ ነበር፣ አለቃዬ ሳይቀር ደስ ብሎት ሄደ። ቅዳሜ ብቻዬን ውጤቱን በሳህኑ ቅርጽ በቀለም ሳወጣው ሂቶቹ ሁሉ ዳር ዳሩን እንደ ጥለት ከበውታል። 76ቱ የጠርዝ ጉድጓዶች። ክዳኑ በደንብ ስላልገጠመ ጠርዙ ላይ ያለው ፈሳሽ ተንኖ ነበር። መድኃኒት ሳይሆን ትነት ነው ያገኘነው። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን ከማየቴ በፊት ሥዕሉን አያለሁ።

ሌላው አታላይ ውህዶቹ ራሳቸው እርስ በርስ ተጣብቀው ጥቃቅን ኳስ ሲሠሩ ነው። ኢንዛይሙን ውጠው ያስቀሩታል፣ እናንተ ገታልኝ ትላላችሁ። መፍትሔው ቅንጣት ታክል ሳሙና ነገር መጨመር ነው፤ ሂቱ ከጠፋ መጀመሪያውንም አልነበረም።

ጥ፦ እርድ ለካንሰርም ለስኳርም ለመገጣጠሚያም ይሠራል ይባላል፣ በላቦራቶሪም ተረጋግጧል ይላሉ። እውነት ነው?

መ፦ እማማ፣ በአልጫው ላይ ያለውን አይተዉት፣ ይጣፍጣል። ኩርኩሚን የሚባለው የእርድ ቢጫ ውህድ ግን በእኛ ዘንድ ከታወቁት አታላዮች ዋነኛው ነው። ራሱ ብርሃን ይሰጣል፣ ብርሃን ለሚያነበው መሣሪያ ስለዚህ ይዋሻል። ከብዙ ፕሮቲን ጋር ዝም ብሎ ይያያዛል። ቶሎም ይፈርሳል። ስለዚህ በየፈተናው «ይሠራል» የሚል ውጤት ያወጣል። ሁሉን በር የሚከፍት ቁልፍ ካዩ፣ በሩ መቆለፉን መጠራጠር ነው። ሐኪም ያዘዘልዎትን በእርድ አይተኩ፤ አደራ።

ጥ፦ ይሄ ሁሉ ተደርጎ ስንት መድኃኒት ወጣ? ሳትደብቅ ንገረን።

መ፦ በ1990ዎቹ ከተገባው ቃል አንጻር፣ ጥቂት። ኩባንያዎቹ ያን ጊዜ የተሻሙት በቁጥር ነበር። የተሠሩት ብዙዎቹ ከባድና ቅባታም ሞለኪውሎች ስለነበሩ ውሃ ውስጥ አይሟሙም፣ ከአንጀትም አያልፉም። ሊፒንስኪ የተባለው ተመራማሪ በ1997 ያወጣው መመሪያ የመጣው በዚህ ወቅት ነው፤ ሞለኪውላዊ ክብደቱ ከ500 ያልበለጠ፣ ቅባታምነቱም የተወሰነ ይሁን የሚል። መመሪያ እንጂ ሕግ አይደለም፤ የሚጥሱት ጥሩ መድኃኒቶች አሉ።

ሁልጊዜ የሚጠቀሰው ምሳሌ ሶራፌኒብ ነው። በ2005 ለኩላሊት ካንሰር አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፣ በኋላም ለጉበት። መነሻው ከ200 ሺህ ገደማ ውህዶች መሀል የተለቀመ ደካማ ሂት ነበር። አንድ ጎኑን ብቻ እየለወጡ ሲያሻሽሉት ብዙም አልሄደም። ሁለቱንም ጎን ባንዴ እየቀያየሩ ላይብረሪ (የብዙ ውህዶች ስብስብ) ሲሠሩ ነው ማንም አስቦ የማይመርጠው ጥንድ ብቅ ያለው። ለእኔ የዘዴው ጥቅም እዚህ ላይ ነው የሚታየው።

አንዳንዴ ደግሞ ትርፉ በሌላ በኩል ይመጣል። የዴንማርኩ ሜልዳል ዶቃ ላይ የተለመደ ሪአክሽን ሲሠራ ሞለኪውሉ ባልታሰበ ጫፉ ተያያዘበት። ያ ስህተት ዛሬ ክሊክ ኬሚስትሪ ለምንለው፣ ሞለኪውሎችን በቀላሉ ለሚያገጣጥመው ዘዴ፣ ዋናው ሪአክሽን ሆነ፣ በ2022 ደግሞ ኖቤል አስገኘለት።

ጥ፦ አክሊሉ ለማ እንዶድን ያገኙት ሚሊዮን ሞለኪውል ሠርተው አይደለም። ዕፅዋት ሞልተውን ይሄ ሁሉ ድካም ለምን?

መ፦ ልክ ብለሃል። በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ዓይንና ጥርጣሬ ነው የሠራው። ተፈጥሮ በሚሊዮን ዓመታት አጣርታ ያስቀመጠችው ነገር ከእኛ ላይብረሪ ብዙ ጊዜ ይበልጣል፣ አልከራከርም። ግን ከቅጠል ያገኘኸው ውህድ አንጀት አያልፍም እንበል፣ ወይም ይመርዛል። ያን ጊዜ አምሳና መቶ ዘመድ ሠርተህ የሚሻለውን መምረጥ አለብህ። ሁለቱ ባላንጣ አይደሉም።

ጥ፦ ኤአይ መጥቶ የለ? ሥራችሁ አላበቃም?

መ፦ በ2020 ሃሊሲን የተባለውን ጸረ ባክቴሪያ ያገኘው ሞዴል ትልቅ ወሬ ሆኖ ነበር፣ ይገባዋልም። ግን ሞዴሉ የተማረው ከምን ነበር? ወደ 2,300 የሚጠጉ ውህዶች በእውነተኛ ባክቴሪያ ላይ ተሞክረው ከተገኘ ውጤት። ያን ሳህን የቀዳ ሰው አለ። ክዳኑ ባይገጥም ኖሮ ሞዴሉም ትነትን ነበር የሚማረው።

ጥ፦ አገር ቤት ነኝ። ዶቃም፣ ኬሚካልም፣ ውጭ ምንዛሬም የለም። ምን ልጀምር?

መ፦ አንቺ ላፕቶፕ ካለሽ ግማሹ መንገድ ነጻ ነው። አርዲኪት በሚባለው ፕሮግራም ጡቦቹን እያገጣጠምሽ ላይብረሪ በኮምፒውተር መሥራት ትችያለሽ። ዚንክ እና ፐብኬም ላይ የውህዶች መረጃ በነጻ አለ። በአውቶዶክ ቪና ከፕሮቲን ጋር ታገጣጥሚያለሽ። ግን የቪናን ነጥብ እንደ ውጤት አትቁጠሪ፤ ግምት ነው። በእጅ መሥራት ካማረሽ የኡጊን ሪአክሽን አንብቢ፦ አራት ነገር ባንድ ብልቃጥ ገብቶ አንድ ውህድ ይወጣል፣ ዶቃም አይፈልግም፤ አንዱ ግብዓት ግን ሽታው የማይረሳ ነው፣ ጭስ የሚስብ ቁም ሣጥን ውስጥ ብቻ። የወባ መድኃኒት ድርጅቱ ኤምኤምቪ ደግሞ 400 ውህዶች የያዘ ሣጥን ለተመራማሪዎች በነጻ ሲያድል ነበር፤ በምላሹ የጠየቀው ውጤቱን ለሁሉም ይፋ ማድረግ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ዕድል ሲመጣ ዝግጁ የሚያደርግሽ ጥሩ የመፈተኛ ዘዴ በእጅሽ መኖሩ ነው።

ጥ፦ ቤቴ ኩሽና ውስጥ ልሞክረው?

መ፦ አይሆንም። ከዶቃው ለማላቀቅ የምንጠቀምበት አሲድ ቆዳ ይበላል።

ጥ፦ ያቺን ፌሮዛ ዶቃ በምን ነው የምታነሷት? በመቆንጠጫ?

መ፦ በጣም በቀጠነ የመስታወት ቱቦ፣ ትንሽ ውሃ እየሳብን፣ በማይክሮስኮፕ እያየን። ትንፋሽህን ትይዛለህ። አንዴ የሁለት ቀን ልፋቴን አንስቼ ወደ ሌላ ዕቃ ሳሻግር ጓደኛዬ በሩን ከፈተ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ጠብታዋ ወለሉ ላይ። አራት ሰዎች ሆነን ተንበርክከን በባትሪ ፈለግን። አላገኘናትም፤ ከመቶ ሺዎቹ ተራ ዶቃዎች ግን ሦስት አገኘን።