25 ካርድ፣ 9 ትክክል፦ ከዚያስ?

ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ለጻፍሽልኝ እህቴ፦

ሳይኮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ነሽ። ሰመመን፣ ሕልም፣ ከስሜት ህዋሳት ውጭ ማወቅ የሚባለው ነገር ቀልብሽን ወስዶታል። ከብስኩት ካርቶን 25 ካርድ ቆርጠሽ አምስት ምልክት ሳልሽባቸው፤ ታናሽሽ ሳታይ 9ኙን አወቀች። አባትሽ ግን «በዚህ እንጀራ አይበላም» አሉ።

መጀመሪያ ስለ ዘጠኙ። በግምት ብቻ በአማካይ 5 ይገኛል። ግን 20 ጎረቤት ሰብስበሽ ብታስገምቺ አንዱ በዕድል ብቻ 9 ወይም ከዚያ በላይ ቢያገኝ አይግረምሽ። ከእህትሽ በፊት ስንት ሰው ሞከረ? መዝግበሻል? ደግሞ ካርዱን ወደ መስኮቱ አንሺውና ከጀርባው እዪው። የማርከሩ ቀለም ያሳልፋል? አትሳቂ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተመራማሪው ጄ ቢ ራይን እንዲህ ባሉ ካርዶች ሲሠራ ከተነሱበት ወቀሳዎች አንዱ ይኸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂስት ዳሪል ቤም ሰው የወደፊቱን አስቀድሞ ይሰማዋል የሚል ጥናት በታወቀ መጽሔት አወጣ። ሌሎች ሲደግሙት ውጤቱ አልመጣም። ግርግሩ ግን ሳይኮሎጂስቶችን ስለ ራሳቸው አሠራር ክፉኛ አስጨነቃቸው። እስካሁን ሁሉንም የሚያሳምን ማስረጃ የለም፤ በዚህ ላይ የሚሠራ የዩኒቨርሲቲ ክፍልም በዓለም ላይ ጥቂት ነው። ስኮትላንድ ኤድንበራ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1985 አንድ ተቋቁሟል። አባትሽ እዚህ ላይ ልክ ናቸው።

እንጀራው ያለው ግን እዚያው አጠገቡ ነው። ዱካክን ውሰጂ። ሌሊት ነቅተሽ እጅሽ አልታዘዝ ይላል፤ ደረትሽ ላይ የሆነ ነገር ተቀምጧል። ሕልም በምናይበት እንቅልፍ ጡንቻ ይታገዳል፤ አንዳንዴ እገዳው ሳይነሳ አእምሮ ይነቃል። ይኸው ነው። እናንተ ብሎክ ውስጥ ስንቱ እንደሚይዘው፣ ማን ጸበል እንደሚሄድ፣ ማን ዝም እንደሚል ብትጠይቂ ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል። እኔ ብሆን ነገውኑ መምህሬን አናግር ነበር።

ከዚያ ስታቲስቲክስ። እንደማትወጂው ገብቶኛል፣ ደብዳቤሽ ውስጥ አንዴም አልጠራሽውም። ግን መጠይቅ ማዘጋጀትና ዳታ ማጽዳት የሚችል ልጅ ኤንጂኦውም ሆስፒታሉም ይፈልገዋል።

ካርዱን በወፍራም ወረቀት ድገሚው። ስንት ዙር እንደምትሞክሪ ሳትጀምሪ ጻፊ። ውጤቱን ላኪልኝ፣ 5 ቢሆንም።