ለጡት ካንሰር ስታዋጡ ሐረጎን አስቡ

የጡት ካንሰር ወር የሚባለው የፈረንጆቹ ኦክቶበር በመጣ ቁጥር ስልኬ ሮዝ በሮዝ ይሆናል። ሜሪላንድ ያሉት የቲሸርት ፎቶ ይልካሉ። ለንደን ያሉት የኬክ። ጅዳ ያሉት ደግሞ ድምፃቸውን ቀድተው "ለደሴ ምን እንላክ?" ይላሉ። እኔም ብዙ ዓመት ውጭ ኖሬ ነው ወደ ደሴ የተመለስኩት። ቲሸርቱን ለብሻለሁ፣ ኬኩንም በልቻለሁ። ስለዚህ ሳልቆጣ ነው የምመልሰው። ብሩ ለመንገድ፣ ለማደሪያና ለምርመራ ይሁን። ወሬው ደግሞ ቡና ላይ ይውረድ። ነገር የሚበላሸው ዝርዝሩ ላይ ስለሆነ ዝርዝሩን ልንገራችሁ።

ደሴ አቅራቢያ ካለችው ከኩታበር አንዲት ሴት እንውሰድ። ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች። አያማትም። የማያም ነገር ደግሞ እኛ ዘንድ በሽታ ውስጥ አይቆጠርም። አጨዳው ይለቅ ትላለች፣ ልጄ ትዳር ትላለች። ፀበል ትሞክራለች፣ ወይም ዱዓ ታስደርጋለች። ባሏ እንዳይሰማ ትፈራለች። ጤና ጣቢያ ስትደርስ ወራት አልፈዋል። ከዚያ ሪፈር ተጽፎላት ደሴ ትመጣለች። አልትራሳውንድ ትነሳለች፣ ናሙና ይወሰዳል፣ "ውጤቱ ሲደርስ ተመለሺ" ትባላለች። ደሴ ዘመድ ከሌላት ወደ ቤቷ ነው። ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ የትራንስፖርት ተበድራ ትመጣለች። ሦስተኛው ላይ ትቀራለች።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በጀመረው የጡት ካንሰር ዕቅድ ሦስት ግቦች አሉ። ከታማሚዎቹ 60 በመቶ የሚሆኑት በሽታው ገና አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሳለ እንዲገኝላቸው። ሴትየዋ ሐኪም ፊት ከቀረበች በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ እንዲያልቅ። 80 በመቶዎቹ ደግሞ የጀመሩትን ሕክምና እንዲጨርሱ። ወሎ ውስጥ ለምትታመም ሴት እኔን በጣም የሚያሳስበኝ መሃለኛው ነው። እነዚያ 60 ቀናት የሚባክኑት ብዙ ጊዜ በመሣፈሪያ እጦት ነው። የእናንተ ገንዘብ በትክክል የሚሠራውም እዚህ ላይ ነው።

ሕክምናው ከተጀመረም በኋላ መንገዱ አያልቅም። ደሴ ሆስፒታል የካንሰር ክፍል አለው። ለጨረር ሕክምና ግን ሴትየዋ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ መውረዷ ነው፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ። ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ ጨረር የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ጨረር ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ የሚሰጥ ሕክምና ነው። አንዱ ቀን የሚፈጀው ደቂቃዎች ቢሆንም ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ይዘልቃል። ስለዚህ የሚያስፈልጋት የአንድ ወር አልጋ፣ ምግብና አብሯት የሚሆን ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ማረፊያ ከሚሰጡት አንዱ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ነው። አዲስ ነገር ከማቋቋም በፊት እነሱን ጠይቁ።

ክኒንም አለ። ካንሰሩ ሆርሞን የሚያሳድገው ዓይነት ከሆነ ታሞክሲፌን የሚባል መድኃኒት ይታዘዛል፤ በየቀኑ አንድ ጊዜ፣ ለ5 ዓመት፣ አንዳንዴም ለ10። ከካንሰር መድኃኒቶች ርካሽ ከሚባሉት ነው። ለ5 ዓመት ሳያቋርጡ መግዛቱ ግን ለገበሬ ቤት ቀላል አይደለም። ከእናንተ አንዱ የአንዲት ሴትን የ5 ዓመት ክኒን ልቻል ቢል ብዙ ሠርቷል።

ስለ ማሽን ሁልጊዜ ስለምትጠይቁኝ አንድ ነገር ልበል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የደሴ ሆስፒታል ዕቃው ተዘርፎ ነበር። ያኔ የዲያስፖራው ርብርብ አንጀት ያርስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን "ያገለገለ ማሞግራፊ፣ የጡት ራጅ ማንሻ፣ አግኝተናል፣ እንላክ ወይ?" የሚለው ጥያቄ አላቆመም። ማሞግራፊ መለዋወጫ ይፈልጋል፣ ጠጋኝ ይፈልጋል፣ ፎቶውን የሚያነብ ራዲዮሎጂስት ይፈልጋል። እኛ ዘንድ ደግሞ በሽታው ከ50 ዓመት በታች ያሉትንም በብዛት ያገኛል። በወጣት ሴት ጡት ላይ አልትራሳውንድ የተሻለ ያሳያል። ለመሆኑ የናሙና መውሰጃ መርፌና ናሙናው ካንሰር መሆኑን የሚለየው የፓቶሎጂ ምርመራ ክፍያ ፎቶ የማያምር ስለሆነ ነው እንዴ ማንም የማያዋጣው? መጀመሪያ ሆስፒታሉን ዝርዝር ጠይቁ። ከዝርዝሩ ውጭ አትላኩ።

እሺ፣ ብሩ እንዴት ይምጣ? ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። መሃሉ ሐረጎ ነው፤ ጠመዝማዛው መንገድ፣ አውቶቡሱ ፍሬን ፍሬን የሚሸትበት። ባላችሁበት ከተማ በወሩ ውስጥ 25 ኪሎ ሜትር ተራመዱ። በአንድ ቀን አይደለም፤ ከሥራ መልስ ሁለት፣ እሑድ አራት እያላችሁ። ወዳጅ ዘመድ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ያዋጣላችሁ። የደረሳችሁበትን በየቀኑ ለጥፉ፦ "ዛሬ ሐረጎ መሃል ነኝ፣ ጉልበቴ ከዳኝ፣ የሚገፋኝ አጣሁ።" የደሴና የኮምቦልቻ ልጅ ይቺን አይቶ ዝም አይልም፤ ፉክክር ይወዳል። ከጋላ ዲነር የተሻለ ይሰበስባል፤ የአዳራሽ ኪራይ ደግሞ የለበትም።

ዕቁብ ያላችሁ ደግሞ አንድ ዕጣ ጨምሩ። አሥራ ሁለት ሆናችሁ የምትጥሉ ከሆነ አሥራ ሦስተኛውን ዕጣ ሁላችሁም ተካፍላችሁ ጣሉለት። ያ ዕጣ የታማሚዋ ነው። ሲደርሳት አንዲት ሴት ከምርመራ እስከ ሕክምና ያለውን መንገድ ይዛት ይሄዳል። ለማንም አይከብድም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ።

መሸጥ የምትወዱ ካላችሁ ከሮዝ ኩባያ ይልቅ ሮዝ ጥለት ያለው ነጠላ ሽጡ። አሜሪካ ውስጥ ወሩ ለጡት ካንሰር የተሰጠው በ1985 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሮዝ ሪባኑ ከዚያ ጥቂት ዓመት ዘግይቶ መጣ። ዛሬ ሪባኑ ያልተለጠፈበት ዕቃ የለም። ከዋጋው ስንቱ ለታማሚ እንደሚደርስ ግን ብዙ ጊዜ አይጻፍም። እናንተ ጻፉት። "ከዚህ ነጠላ ይህን ያህል ለታማሚዎች መሣፈሪያ ይውላል" ብላችሁ በትልቁ።

በኢንተርኔት መዋጮ የሚሰበሰብበት ጎፈንድሚ ኢትዮጵያ ውስጥ ወዳለ የባንክ ሂሳብ አይከፍልም። ስለዚህ አንዱ በስሙ ይከፍተውና ከዚያ ሐሜት ይጀመራል። ታውቁታላችሁ። ባላችሁበት አገር በተመዘገበ በጎ አድራጎት ድርጅት በኩል ማድረጉ ይሻላል። ያኔ አሠሪዎቻችሁም ሊገቡበት ይችላሉ። ብዙ የአሜሪካ ኩባንያዎች ሠራተኛቸው የሰጠውን ያህል እነሱም ይጨምራሉ። ፎርሙን የሚሞላ ሰው ስለሌለ ብቻ ስንት ገንዘብ ይቀራል መሰላችሁ።

የእኔ ዋና ሐሳብ ግን ቅሬ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ልጆች እድር በሉት። ደሴም ኮምቦልቻም ያለ ቅሬ የሚኖር ሰፈር የለም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ቅሬ ውስጥ ይገኛል። ቅሬ መዝገብ አለው፣ ሰብሳቢ አለው፣ ቅጣት አለው። ማን እንደታመመ ከማንም በፊት ያውቃል፤ ማን እንደሚያስመስልም ያውቃል። የሚያወጣው ግን በአብዛኛው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። እናንተ ደግሞ እንዲህ በሏቸው፦ "በሕይወት ላለች ታማሚ ቅሬው አንድ ብር ካወጣ፣ እኛ አንድ ብር እንጨምራለን።" የእናንተ ብር በዶላር ሲታሰብ ምንም አይደለም። ለሰፈሩ ግን የራሱ ገንዘብ ያለበት ነገር ነው፤ ስለዚህ ይጠብቀዋል። ገንዘቡን ሦስት ሰው ይያዘው፦ ከቅሬው አንድ፣ ከሆስፒታሉ አንዲት ነርስ፣ ከእናንተ ቤተሰብ አንድ። ከቤተሰባችሁ የሚገባው ሰው የምትወዱት ሳይሆን ደረሰኝ የሚያስቀምጥ ይሁን።

ወሬው እንዴት ይውረድ? ጥቂት ዓመት ሆነው፣ 12 ሎሚ እንቁላል መያዣ ካርቶን ውስጥ ተደርድሮ የጡት ካንሰርን ምልክቶች የሚያሳይ ፎቶ ዓለምን አዳርሶ ነበር። እኛ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አንድ ቤት በሰፌድ ሞከርነው። ሎሚው ከሰኞ ገበያ ነው የተገዛው። ስናቀርበው ሴቶቹ ሳቁ፤ "ጥምቀት ደረሰ እንዴ?" አለች አንዷ። አቦል እየተጠጣ አንዱን ሎሚ በአውራ ጣት ጫን አልነው፤ ስርጉድ አለ። የአንዱን ጫፍ ወደ ውስጥ ገፋነው። ለአንዱ ጫፉ ላይ ቀይ ቀለም ጠብ አደረግንበት። የአንዱን ቆዳ ላጥነው። ከዚያ አንዱን ለሁለት ቆርጠን ፍሬውን በጣት አስነካናቸው። "እብጠቱ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ጠጣር፣ ከቦታው ንቅንቅ የማይል፣ የማያም።" ሰፌዱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የሰው ገላ የሚያሳይ ሥዕል ስላልነበረ ማንም አላፈረም። እናቶቹ ሎሚውን እንደ ሸቀጥ እያገላበጡ መረመሩት።

ጥያቄው የመጣው በቶና ነው። ጡት ያጠባች ሴት አይዛትም ወይ? ማጥባት አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያስቀርም። ብር በጡት መያዣ ማስቀመጥስ ያመጣል ወይ? እዚህ ላይ ግማሹ ቤት እጁን ወደ ደረቱ ሰደደ። አያመጣም፤ ይህን የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ወንድ ይይዘዋል ወይ? አልፎ አልፎ፣ አዎ። ከሁሉ ጠቃሚው ግን አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር አለመሆኑን መናገር ነው። ፍርሃት ሴትን ሐኪም ዘንድ አይወስዳትም፣ ይደብቃታል። በረካ ላይ የሚቀጥለው ቡና የማን ቤት እንደሆነ ተወሰነ። የእናንተ ድርሻ የሎሚ፣ የቡናና የስኳር ብር ብቻ ነው፤ የምትመራዋ አንዲት ጤና ባለሙያ ከተገኘች በቂ ነው።

ጊዜውንም ዕወቁበት። ኦክቶበር 1 ብዙውን ጊዜ መስከረም 21 ላይ ይውላል። መስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ ነው፤ ደሴ ያን ሰሞን በምዕመናን ትጥለቀለቃለች። ሮዝ ወሩ እኛ ከተማ የሚገባው ከግሸን እንግዶች ጋር ነው ማለት ነው። መንገድ ዳር ውሃና ጥላ ያለበት አንድ ድንኳን፣ ሁለት ነርሶች፣ አንድ ሰፌድ ሎሚ በቂ ነው። ፈቃዱን ቀድማችሁ በነሐሴ ጠይቁ። መውሊድ ሲሆን ደግሞ ሕዝበ ሙስሊሙ የሚሰበሰብበት ጀማ ንጉሥ አለ። የሃይማኖት አባቶቹን አታልፏቸው። ቄሱ "ፀበሉንም ያዢ፣ ሐኪሙንም ሂጂ" ካሉ፣ ወይም ዱዓ የሚያደርጉት እናቶች፣ ዱበርቲዎቹ፣ በወዳጃው የጋራ ዱዓ ላይ ካነሱት፣ ከሺህ በራሪ ወረቀት ይበልጣል። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የፋብሪካ ሴቶች አሉ። በምሳ ሰዓት አሥር ደቂቃ ካገኛችሁ ይበቃል።

ከቀዶ ጥገና በኋላ ያለውንም አንርሳ። ጡቷ የተቆረጠ ሴት ቀሚሷ ውስጥ ጨርቅ ጠቅልላ ነው የምትወጣው። ፈረንጆቹ ከጥጥ ክር በእጅ የተሠራ፣ ውስጡ የሚሞላ፣ ቀላልና የሚታጠብ ምትክ ይሠራሉ። ደሴ ላይ ኪሮሽ የማይዝ እጅ የለም፤ ሶፋውን ሁሉ ዳንቴል ያለበሱት እናቶች እነዚህን ለመሥራት ግማሽ ቀን አይፈጅባቸውም። ለስላሳ የጥጥ ክር ላኩ። እዚያም ኪሮሽ የምትችሉ ካላችሁ አብራችሁ ሥሩ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ገንዘብ ለመሰብሰብ ብላችሁ የታማሚ ፎቶ አትጠይቁ። ደሴ ትንሽ ከተማ ናት፤ ፌስቡክ ላይ የወጣ ፊት ሰኞ ገበያ ይታወቃል። ደረሰኝ ለጥፉ፣ ስሙን ሸፍናችሁ።

እናንተስ ተመርምራችኋል? አሜሪካ ያላችሁ ከ40 እስከ 74 ዓመት በየሁለት ዓመቱ ማሞግራፊ ተነሡ ነው የሚባለው። እንግሊዝ ያላችሁ ከ50 ዓመት ጀምሮ በየሦስት ዓመቱ ደብዳቤ ይመጣላችኋል፤ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት። ከተመረመራችሁ በኋላ ወደ ቤት ደውሉ። "እማ፣ እኔ ተመርምሬ መጣሁ፣ አንቺስ?" ብላችሁ ጀምሩ። የሷን ከጠየቃችሁ በኋላ የጎረቤቷን ጠይቁ፤ እናቶች የራሳቸውን ብዙ ጊዜ በጎረቤት ስም ነው የሚናገሩት። "አንዲት ሴት አለች" ካለቻችሁ ማን ናት ብላችሁ አታፋጧት። መቼ ሆስፒታል እንደምትሄድና ማን እንደሚያጅባት ተነጋገሩ። የመሣፈሪያውን ያኔውኑ ላኩ፣ ለሁለት ሰው።