አምስት ኪሎው ጠመንጃ ለምን ከበደኝ?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ዕድሜዬ 19 ነው። በ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ኢላማ ተኩስ እሠለጥናለሁ። የምተኩስበት የክለቡ ጠመንጃ 5.1 ኪሎ ግራም ይመዝናል። እስከ አርባኛው ተኩስ ድረስ ጥሩ እሄዳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግራ ትከሻዬ ይዝላል፣ ነጥቤም ይወርዳል። ወንድሜ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ቶርኖ ቤት ይሠራል። ሰደፉ ተቦርቡሮ የቀለለ የውድድር ጠመንጃ በፎቶ አይቶ ‹አምጪው፣ በትራፓኖ በስቼ አንድ ኪሎ አወርድልሻለሁ› ይለኛል። ልስጠው?» ከካዛንቺስ

መልስ፦ ልጄ፣ አትስጪው። ወንድምሽ አንቺን ለመርዳት ብሎ እንደሆነ ይገባኛል፤ የቶርኖ ባለሙያ እጅ ምን ያህል ዋጋ እንዳለውም ዕድሜዬን በሙሉ መሣሪያ ስጠግን አይቻለሁ። ከዚህ በታች ለእርሱ የሚሆን ሥራ አለኝ። ጠመንጃው ግን የክለቡ ንብረት ነው፤ ክለቡ በጽሑፍ ሳይፈቅድ አንዲት ቀዳዳ ልትበሳበት አይገባም። ከዚህም ሌላ በሀገራችን የጦር መሣሪያን ጉዳይ የሚመራ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። የክለብ ጠመንጃ በታክሲ ጭኖ ከካዛንቺስ ተክለ ሃይማኖት መውሰድ ሊታሰብ የማይገባው ነገር ነው። የሚነካካው ሁሉ እዚያው ክለቡ ውስጥ፣ አሠልጣኝሽ እያየ ይሁን።

ፎቶውን በተመለከተ፣ ወንድምሽ ያየው የባያትሎን ጠመንጃ ይመስለኛል። ባያትሎን በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ በየመሐሉ የሚተኮስበት ስፖርት ነው። ተወዳዳሪው ጠመንጃውን በጀርባው አዝሎ ዳገት ስለሚወጣ እያንዳንዷ ግራም ትከብደዋለች፤ ስለዚህ ሰደፉን ይቦረቡሩታል። እዚያም ቢሆን ደንቡ ከ3.5 ኪሎ ግራም በታች እንዲወርድ አይፈቅድም። ያንቺ ውድድር ደንብ የሚገድበው ግን የላይኛውን ነው፤ ከማነጣጠሪያው ጋር ከ5.5 ኪሎ ግራም መብለጥ የለበትም። ብዙ ጠንካራ ተኳሾች ወደዚያ ጣሪያ ለመጠጋት ክብደት ይጨምራሉ እንጂ አይቀንሱም። የአሥር ነጥቧ ምልክት ስፋቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ መሆኑን አስቢ። ከባድ ጠመንጃ ሲወዛወዝ ቀስ ብሎ ነው፤ ቀላሉ የልብሽን ምት ሁሉ ይከተላል። አንድ ኪሎ ቢወርድልሽ ትከሻሽ ያርፍ ይሆናል፣ ኢላማው ላይ ግን የባሰ ትንቀጠቀጫለሽ።

ድካምሽ ግን እውነተኛ ነው፤ አላቃልለውም። የአየር ጠመንጃ ኦሊምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ነው፣ ሀገራችን ሶቪየት ኅብረት የመራችውን የኦሊምፒክ አድማ ተቀላቅላ በቀረችበት ዓመት። ሴቶች ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን 40 ተኩስ ብቻ ነበር የሚተኩሱት። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ግን ከወንዶች እኩል 60 ሆኗል። ለውጡን እኔ በሙሉ ልቤ ደግፌዋለሁ። አንቺ የምትወድቂውም በትክክል ከአርባ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ልንሠራበት የሚገባን እነዚያን የመጨረሻ ሃያዎች ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ጠመንጃሽ ስንት ይመዝናል ከሚለው በፊት ክብደቱ የት ነው ያለው ብለሽ ጠይቂ። አሥር ሊትር ጀሪካን ደረትሽ ላይ አቅፈሽ ረጅም መንገድ ትሄጃለሽ፤ ክንድሽን ዘርግተሽ ግን ጥቂት እንኳን አትቆይም። አፈሙዙ ጫፍ ላይ የታሰረ 150 ግራም ከግራ እጅሽ 60 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ላይ የተቀመጠ 600 ግራም የሚጎትተውን ያህል ወደ ታች ይጎትታል። ስለዚህ ከጫፉ የምትቀንሽው ትንሽ ነገር ትከሻሽ ላይ ትልቅ ሆኖ ይሰማሻል።

መጀመሪያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ከአሠልጣኝሽ ጋር አረጋግጪ። ከዚያ እንደምትተኩሺበት አድርገሽ፣ ማነጣጠሪያውና የጉንጭ ማሳረፊያው ሳይወልቁ፣ በድቡልቡል ዱላ ላይ አጋድመሽ ሚዛኑን የሚጠብቅበትን ቦታ ፈልጊ፤ እዚያ ላይ ፕላስተር ለጥፊ። ቦታው ከግራ እጅሽ ብዙ ወደ ፊት ከሆነ ችግርሽ ተገኘ። በአፈሙዙ ላይ የተጨመሩ ክብደቶች ካሉ አንድ በአንድ አውልቂ፣ ወይም ወደ ኋላ ሳቢያቸው። የማነጣጠሪያው ማራዘሚያ ቱቦ የሚፈታ ዓይነት ከሆነ ለጊዜው ያለ እርሱ ሞክሪ። የሚወልቁትን ክፍሎች ለመመዘን የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል፤ ሚዛኑን ወደ ክለቡ ይዘሽ ሂጂ። እያንዳንዱን ለውጥ በደብተር ጻፊ፤ በአንድ ቀን ሁለት ነገር አትቀይሪ፣ የትኛው እንደጠቀመሽ ማወቅ ያቅትሻል።

የወንድምሽ ሥራ እዚህ ላይ ነው። ከአፈሙዙ ሥር ከብረት የተሠሩ የማራዘሚያ ቀለበቶችና ማያያዣዎች ካሉ፣ ልካቸውን ወስዶ ከአሉሚኒየም ይቅረጻቸው። አሉሚኒየም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 2.7 ግራም ገደማ ነው፣ ብረት ግን 7.8 ነው፤ ስለዚህ ተመሳሳዩ ቀለበት የብረቱን ሲሶ ያህል ይመዝናል። ዋናው ክፍል እንደነበረ ይቀመጥ፣ ሲያስፈልግ ይመለሳል።

ሰደፉ እንጨት ከሆነና ክለቡ ፈቅዶ የግድ ይቦርቦር ከተባለ፣ ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ፣ ብረቱ ከሚያርፍበት ቦታ ርቆ ይሁን። ብረትና እንጨት የሚገናኙበት ገጽ ላይ ሞረድም ሆነ ብርጭቆ ወረቀት እንዳይደርስ። የተቆረጠው ቦታ ደግሞ በዚያኑ ዕለት ቫርኒሽ ይቀባ። በክረምት የአዲስ አበባ እርጥበት ያልተቀባ እንጨት ውስጥ ገብቶ ያሳብጠዋል፤ እንጨቱ ሲያብጥ ደግሞ ብረቱን ይገፋል፣ ጥይቱም የሚያርፍበት ቦታ ይቀየራል። ጥይቱን የሚገፋው የታመቀ አየር ያለበትን ሲሊንደር ግን ማንም አይንካው! ውስጡ እስከ 200 ባር የሚደርስ ግፊት አለ። ቢበሱት፣ ቢሞርዱት ወይም በእሳት ቢያሞቁት ሊፈነዳ ይችላል። ላዩ ላይ የታተመውንም ቀን ተመልከቺ፤ የአገልግሎት ዘመኑ ካለፈ ይለወጥ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ አንድ ጥርጣሬዬን ልንገርሽ። ግራ ትከሻዬ ይዝላል ማለትሽ ከክብደቱ ይልቅ አቋቋምሽን ያጠራጥረኛል። ቆሞ በመተኮስ ግራ ክርን ዳሌ አጥንት ላይ ያርፋል፣ ወገብ ትንሽ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ክብደቱም በክንድ አጥንት በኩል ወደ ዳሌ፣ ከዳሌ ወደ እግር ይወርዳል። ትከሻው ሥራ የለውም፤ ወደ ታች ለቀቅ ብሎ ያርፋል። ትከሻሽ ከደከመ ክርንሽ ዳሌሽ ላይ አልደረሰም፣ ጠመንጃውን በጡንቻ ተሸክመሻል ማለት ነው። ክንዳቸው አጠር ባሉ ልጆች ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ይታያል። መፍትሔው ከጠመንጃው ሥር ያለውን የእጅ ማሳረፊያ ወደ ታች ማስረዘም ነው፤ ያኔ እጅሽ ዝቅ ይልና ክርንሽ ዳሌሽ ላይ ይደርሳል። ወንድምሽ ከዋንዛ እንጨት ቢቀርጽልሽ ቀላልም ጠንካራም ይሆናል፤ ወደ ታች የሚረዝምበት ልክ በውድድሩ ደንብ የተገደበ ስለሆነ አሠልጣኝሽ ይለካው። የተኩስ ጃኬትሽም ወገብሽ ላይ በልክሽ መሆኑን እግረ መንገድሽን አሳዪው።

ክብደት በነካካሽ ቁጥር ማነጣጠሪያውን እንደገና አስተካክዪ። ከዚያ ሙሉ 60 ተኩሰሽ፣ ከ41ኛው እስከ 60ኛው ያሉትን ነጥቦች ለብቻቸው ደምሪና ካለፈው ወር ጋር አስተያዪ። ሚዛኑም እጅ ማሳረፊያውም ተስተካክሎ እነዚያ ሃያዎቹ አሁንም የሚወርዱ ከሆነ፣ ጠመንጃውን ተዪው። አሠልጣኝሽ ባለበት፣ ሳትተኩሺ ጠመንጃውን ይዞ መቆምንና ማነጣጠርን በየልምምዱ ጨምሪ።