ሰምተው ለምን አልወጡም?

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው የአደጋ ስጋት ቅነሳ ሥራን ገና ለምትጀምሩት ነው። ሳተላይቱንና ካርታውን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እኔ የምነግራችሁ ዘግይቶ የገባኝን አንድ ነገር ነው።

በወጣትነቴ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ላይ እሠራ ነበር። አንድ ጊዜ ወንዙ ሊሞላ መሆኑን ቀድመን አወቅን፣ በድምፅ ማጉያም ለፈፍን። ብዙው ሰው ግን ከቤቱ ንቅንቅ አላለም። ውሃው ከሄደ በኋላ በሪፖርቴ ላይ «ኅብረተሰቡ የግንዛቤ እጥረት አለበት» ብዬ ጻፍኩ። ቆይቼ ሰዎቹን ቁጭ ብዬ ሳነጋግራቸው ለካ ሁሉም ሰምተዋል። አንዷ እናት ያላቸው ሀብት አንዲት ላም ብቻ ስለሆነች ጥለዋት መሄድ አልቻሉም። አንዱ አባቱ የአልጋ ቁራኛ ናቸው፣ የሚያሸክመው ሰው አላገኘም። ሌላው ደግሞ ከዚያ በፊት እሺ ብሎ ወጥቶ ሲመለስ ቤቱ ተዘርፎ ነው የጠበቀው። ያችን የሪፖርት ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ሳስባት ታሳፍረኛለች።

መረጃ ብቻውን ያድናል ብላችሁ እንዳትሸወዱ። እ.ኤ.አ. በ1985 ኮሎምቢያ ውስጥ ኔቫዶ ዴል ሩይዝ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ፣ የአርሜሮ ከተማ አደጋ ላይ መሆኗን የሚያሳይ ካርታ ከወር ገደማ በፊት ወጥቶ ነበር። ከፍንዳታው የተነሳው የጭቃ ጎርፍ ከተማዋ እስኪደርስ ከ2 ሰዓት በላይ ወስዶበታል። ከፍታ ቦታም ቅርብ ነበር። በአደጋው 23 ሺህ ያህል ሰው አለቀ።

ባንግላዴሽን ደግሞ ተመልከቱ፣ እኔ ብዙ የተማርኩት ከእሷ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የመታት ሳይክሎን፣ ማለትም ከባሕር የሚነሳ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ፣ በትንሹ 300 ሺህ ሰው እንደገደለ ይገመታል። በ2007 ሲድር የተባለው ኃይለኛ ሳይክሎን ሲመጣ የሞቱት 3,400 ገደማ ናቸው። ይህም ቢሆን ብዙ ነው፣ ግን ልዩነቱን እዩት። አገሪቱ ሀብታም ስለሆነች አይደለም። ከ1972 ጀምሮ በየመንደሩ በጎ ፈቃደኞችን አደራጀች፣ ሜጋፎንና ባንዲራ ይዘው ቤት ለቤት የሚዞሩት እነሱ ናቸው፤ ሰው ደግሞ ከማያውቀው ባለሥልጣን ይልቅ የሚያውቀውን ጎረቤቱን ያምናል። በ1991 እንደገና በሳይክሎን ወደ 140 ሺህ ሰው ሲሞት ከወንዶቹ ይልቅ ሴቶቹ በብዛት አለቁ። ለምን? ልጆች ይዘዋል፣ ባል እስኪፈቅድ ይጠብቃሉ፣ መጠለያው ውስጥ ለሴት የሚሆን ቦታና መጸዳጃ የለም። ዛሬ ከበጎ ፈቃደኞቹ ግማሾቹ ሴቶች ናቸው። ለከብቶችም ከውሃው በላይ የሚሆን የአፈር ጉብታ ተሠርቷል። ስለ ጉብታው መጀመሪያ ስሰማ ያቺ ላም ናት ትዝ ያለችኝ።

ገንዘቡ ብዙ ጊዜ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፣ ከአደጋው በኋላ ይጎርፋል። ስለዚህ በጀት ስትጠይቁ ለመጸዳጃው፣ ለጉብታው፣ ለቃሬዛው አስቀድማችሁ ታገሉ። ትንሽ ነገር ነው ተብሎ መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነውና አትልቀቁት።

ዕቅድ ከመጻፋችሁ በፊት ደግሞ በደህናው ቀን ወደ መንደሩ ሂዱ። ማምለጫ የተባለውን መንገድ በሌሊት፣ ልጅ ካዘለች እናትና ምርኩዝ ከያዙ ሽማግሌ ጋር ተጓዙት። ስንት ሰዓት እንደፈጀ ጻፉ፣ የት ጋ እንዳረፉም ጭምር። መጠለያው ጋ ስትደርሱ ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነ ጠይቁ። ከዚያ ሰውዬው ስልኩን በዚያ ሰዓት ያነሳ እንደሆነ እዚያው ቆማችሁ ደውሉለት።